ጨዋታው ያዳላልን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በኤልኢዲ ሰሌዳ ላይ በእጅ እንቅስቃሴ ስለሚሠራ የሁለት ሰው ጨዋታ ናቸው። የመጀመሪያው ከጥያቄ ይልቅ ክስ ስለሆነ ብዙውን ቦታ የወሰደው እሱ ነው። ሌሎቹን ባጭሩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነኝ። ከአሥራ ሦስት ዓመት እህቴ ጋር 16 በ16 በሆነ የኤልኢዲ ሰሌዳ ላይ ኳስ የመመለስ ጨዋታ ሠርተናል። እያንዳንዳችን በምንይዘው እጀታ ውስጥ ኤምፒዩ 6050 የተባለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር አለ፤ እጀታውን ስናጋድል ሰሌዳው ላይ ያለው መምቻችን ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ ተቀምጬ እጫወታለሁ፤ ሽቦዬም ግማሽ ሜትር ነው። እሷ ቆማ እየዘለለች ስለምትጫወት ሦስት ሜትር ሽቦ ሰጥቻታለሁ። መምቻዋ በጣም ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ከሽቦው ርዝመት የመጣ ነው ብዬ የ16 ንባቦችን አማካይ እየወሰደ እንዲሠራ አደረግሁላት። አሁን ጸጥ ብሏል። ነገር ግን ሁልጊዜ ትሸነፋለች፤ «ጨዋታው ያዳላልሃል» እያለች ሰላም ነሳችኝ። በዚያ ላይ እሷ ነጥብ ስታገባ ጨዋታው እንደ አዲስ ይነሣና ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ይሆናል። እኔ አጋጣሚ ነው እላለሁ። ኮዱን ከደብዳቤው ጋር ልከናል። እባክዎ ዳኛ ይሁኑን።
*ታላቅ ወንድምና ታናሽ እህት*

መልስ፦ ፍርዱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ወደ ኋላ ላምጣው፦ እህትህ እውነቷን ነው። የተበደለችውም በአንድ በኩል ብቻ አይደለም፤ በሦስት በኩል ነው። ሦስቱም ያንተ የእጅ ሥራ ናቸው። ትልቁን በደል የፈጸምኸው እሷን ለመርዳት ብለህ ስለሆነ ግን ቅጣቱን አቀልልሃለሁ።

ለእኔ ከመጻፋችሁ በፊት ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ቀላል ፈተና ነበር። እጀታ ተቀያየሩ። የእሷን አንተ ያዝ፣ ያንተን እሷ ትያዝ፤ ከዚያ አሥር ዙር ተጫወቱ። መሸነፉ ከእጀታው ጋር ወደ አንተ ከተሻገረ ጥፋቱ የእጀታው ነው። ከእህትህ ጋር ከቀረ ያን ጊዜ ስለ ልምምድ ማውራት እንችላለን። ታላላቆች እጀታ መቀየር ለምን እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ እኔም የቤታችን ታላቅ ነበርሁ።

አሁን ወደ አማካዩ እንምጣ። ኮድህ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ንባብ ይወስዳል። የመጨረሻዎቹን 16 ንባቦች ደምረህ ስታካፍል የምታገኘው ቁጥር የእህትህ እጅ አሁን ያለበትን ቦታ አይነግርህም፤ የሚነግርህ ከሰባት ንባብ ተኩል በፊት የነበረበትን ነው። ሰባት ተኩልን በ20 ብታባዛው 150 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ኳስህ አንድ ዓምድ ለመሻገር 60 ሚሊሰከንድ እንደሚፈጅ ኮድህ ውስጥ ተጽፏል። እንግዲህ የእህትህ መምቻ እጇን እስኪሰማ ድረስ ኳሱ ሁለት ዓምድ ተኩል ይሮጣል ማለት ነው። እጇን በአንድ ጊዜ ብታጋድለው መምቻዋ የታዘዘበት ቦታ ሙሉ በሙሉ የሚደርሰው ደግሞ ከ300 ሚሊሰከንድ በኋላ ነው። ሰው በዓይኑ ላየው ነገር በእጁ መልስ ለመስጠት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። አንተ በዚህ ብቻ ትጫወታለህ፤ እሷ ግን በላዩ ሌላ 150 ተጭኖባት ነው። እግሯ ላይ ድንጋይ አስረህ «ሩጫ እንግጠም» እንደ ማለት ነው።

መንቀጥቀጡ ቆሟል ትለኛለህ። አዎ፣ ቆሟል። የተኛ ሰውም አይንቀጠቀጥም።

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ይባላልና፣ መምቻዋ መጀመሪያ ለምን ተንቀጠቀጠ? አንተ ሽቦውን ከሰስህ። ሽቦው ግን በዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነው፤ ለዚህም ሁለት ምስክር አለኝ። አንደኛው፣ ሁለቱም ሴንሰሮች የተገናኙት አይቱሲ በሚባል፣ ቺፖች በጋራ ሽቦ በሚነጋገሩበት በአንድ መስመር ላይ ነው፤ የአንዱ አድራሻ በሄክሳዴሲማል 68፣ የሌላው 69 ነው። መስመሩ ቢታወክ ኖሮ የአንተም መምቻ አብሮ በታወከ ነበር። ሁለተኛው፣ በዚህ መስመር የሚያልፈው ዲጂታል መልእክት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ሲበላሽ እጅ እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ትንሽ ስህተት አይሰጥም፤ ወይ ጭራሽ የማይመስል ቁጥር ይወረውራል፣ ወይ ደርቆ ይቀራል።

እውነተኛው ምክንያት በራስህ ደብዳቤ ውስጥ አለ፦ አንተ ተቀምጠህ፣ እሷ እየዘለለች። ኮድህ የሚያነበው የሴንሰሩን አክስሌሮሜትር ብቻ ነው። አክስሌሮሜትር ደግሞ ማጋደልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ግፊትን ነው። እጅ ሲረጋ የሚሰማው የመሬት ስበትን ብቻ ስለሆነ፣ «ታች» በየት በኩል እንደሆነ ከዚያ አስልተን ማዕዘኑን እናወጣለን። እጅ ሲወረወር ግን የእጁ ግፊት ከስበቱ ጋር ይደባለቃል፤ ሴንሰሩም ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። የስበትን ግማሽ የሚያህል ግፊት ወደ ጎን ቢደርስበት፣ ምንም ሳይጋደል 27 ዲግሪ ያህል የተጋደለ ይመስለዋል። በአንተ ኮድ አንድ ረድፍ 5 ዲግሪ ነው። ስለዚህ እህትህ አንድ ጊዜ ስትዘል መምቻዋ አምስት ረድፍ ይዘላል። ተቀምጦ አንጓውን ብቻ ቀስ አድርጎ የሚያዞር ሰው ይህ ፈጽሞ አይደርስበትም። ሴንሰሩ የቀጣት ደስ ብሏት ስለተጫወተች ነው። አንተም በላዩ ጨመርህበት።

መድኃኒቱ እዚያው እጀታ ውስጥ ተኝቷል። ኤምፒዩ 6050 ከአክስሌሮሜትሩ ሌላ ጋይሮስኮፕም አለው፤ ኮድህ አንድም ጊዜ አልጠየቀውም። ጋይሮስኮፕ የሚለካው የመዞርን ፍጥነት ነው፤ መገፋትና መወርወር እምብዛም አይነካውም። የራሱ ችግር ግን አለው፦ ቆሞ ሳለም ጥቂት የሚዞር ይመስለዋል፤ ያ ጥቂቱ በየንባቡ ሲደመር መምቻው ከደቂቃ በኋላ በራሱ ወደ ጥግ ይሄዳል። አንዱ ለአጭር ጊዜ የታመነ፣ ሌላው ለረጅም ጊዜ የታመነ ስለሆነ እናጋባቸዋለን፦

አዲስ ማዕዘን = 0.98 × (የቀድሞው ማዕዘን + የጋይሮ ፍጥነት × 0.02) + 0.02 × የአክስሌሮሜትር ማዕዘን

በቅንፉ ውስጥ ያለው 0.02 በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ጊዜ በሰከንድ ነው። ከቅንፉ ውጭ ያለው 0.02 ግን ለአክስሌሮሜትሩ የሰጠነው የእምነት መጠን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ስለሆነ አታምታታቸው፤ እኔ አንድ ጊዜ አምታትቼ አንድ ምሽት ሙሉ አጥቻለሁ። ሴንሰሩ በመነሻው ልክ፣ ማለትም በሰከንድ እስከ 250 ዲግሪ በሚለካበት አቀማመጥ ላይ ከሆነ፣ ከጋይሮው የሚመጣውን ቁጥር ለ131 ስታካፍለው ፍጥነቱን በዲግሪ ታገኛለህ። ጨዋታው ሲጀምርም ሰሌዳው ላይ አንድ ምልክት አብራና ሁለታችሁም እጀታውን ለሁለት ሰከንድ ጠረጴዛ ላይ አሳርፉት። በዚያ ጊዜ ከጋይሮው 100 ንባብ ውሰድ፤ አማካዩን ከዚያ በኋላ ከሚመጣው የጋይሮ ንባብ ሁሉ ቀንስ። አማካይ እዚህ ቦታ ላይ ሙያው ነው፤ ማንም አይዘገይበትም።

ይህን ለሁለቱም እጀታ አድርግ። ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ያንተም ቢሆን ያለ ጋይሮ አይሂድ።

ከዚህ በኋላ የምትቀር አንዲት ትንሽ መርገብገብ ትኖራለች። እጅ በሁለት ረድፎች ድንበር ላይ ሲቆም መምቻው «ልውጣ ወይስ ልቅር» እያለ ያመነታል። ለዚህ አማካይ አያስፈልግም። መምቻው ካለበት ረድፍ የሚለቀው ማዕዘኑ ድንበሩን ቢያንስ በአንድ ዲግሪ ሲያልፍ ብቻ ይሁን። አንዲት መስመር ኮድ ናት፤ የምታስከትለው መዘግየትም ከቁጥር አይገባም።

ወደ ሁለተኛው በደል ልለፍ። ይህንን ሳነብ ብቻዬን ስቄአለሁ። እህትህ ነጥብ ስታገባ ውጤቱ ዜሮ መሆኑን «አጋጣሚ» ብለኸዋል። ኮድህን ተመልከት፦ አንተ ስታገባ ሰሌዳው በሙሉ ቀይ ይበራል፤ እሷ ስታገባ በሙሉ ነጭ። ሰሌዳህ ደብሊው ኤስ 2812 ቢ ከተባሉ ኤልኢዲዎች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ፒክሰል፣ ማለትም በእያንዳንዱ የሰሌዳው ነጥብ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት አለ፤ እያንዳንዳቸው ሙሉ ሲበሩ 20 ሚሊአምፔር ያህል ይጠጣሉ። ብርሃኑን በግማሽ ስላደረግኸው 10 እንበል። ያንተ ቀይ 256 ጊዜ 10፣ ማለትም 2.6 አምፔር ገደማ ነው። የእሷ ነጭ ሦስቱንም ቀለም ስለሚያበራ 7.7 አምፔር ይደርሳል። የኃይል ማቅረቢያህ ደግሞ 4 አምፔር ነው። አንተ ስታገባ ኃይሉ ይበቃል፤ እሷ ስታገባ ቮልቴጁ ይወድቅና መቆጣጠሪያው ጠፍቶ ይነሣል፤ ማስታወሻው ላይ የነበረው ውጤትም አብሮ ይጠፋል። አጋጣሚ እንዲህ አድርጎ ሰው አይመርጥም።

ትልቅ የኃይል ማቅረቢያ ፈልግ አልልህም። ብርሃኑን ሙሉ ብታደርገው 256 ፒክሰል በነጭ ከ15 አምፔር በላይ፣ ማለትም 77 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ፊት ለፊት ቆሞ ያንን የሚያይ ዓይን ምን በደለ? ይልቅ ድሉን በጥቂት ፒክሰል አክብሩ። ያገባው ሰው ጎን ያሉት ሁለት ዓምዶች ብቻ ቢበሩ 32 ፒክሰል ነው፤ በነጭም ቢሆን አንድ አምፔር አይሞላም። የምትጠቀምበት ፋስትኤልኢዲ የተባለው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ደግሞ የኃይል ጣሪያ ማስቀመጫ ትእዛዝ አለው፤ 5 ቮልትና 3000 ሚሊአምፔር ብለህ ስጠው። ከዚያ ያለፈ ነገር ስታዝዘው ብርሃኑን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ከሰሌዳው መግቢያ አጠገብ በፕላስና በማይነስ መካከል 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ በዳታው ሽቦ ላይ ደግሞ 330 ኦም አካባቢ የሆነ ሬዚስተር ካላደረግህ አድርግ። በሰሌዳው መጨረሻ ነጩ ወደ ቢጫ ካደላ ኃይሉን ከሁለቱም ጫፍ አስገባ። ቮልቴጅ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደክመው ሰማያዊው ነው።

ሦስተኛው በደል ትንሽ ነው፤ ግን መዝገብ ላይ ይስፈር። ኮድህ የአንተን ሴንሰር ያነባል፣ ኳሱን ያንቀሳቅሳል፣ ሰሌዳውን ይስላል፤ የእህትህን ሴንሰር የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ፒክሰል ለማዘዝ 30 ማይክሮሰከንድ ስለሚፈጅ፣ 256ቱን መሳል ወደ 8 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ ኳሱ በሚቀጥለው ዙር ሲንቀሳቀስ ያንተ ንባብ ትኩስ ነው፤ የእሷ 12 ሚሊሰከንድ ያደረ ነው። ሁለቱን ንባቦች አከታትለህ ውሰድ፤ ከዚያ አስላ፣ ከዚያ ሳል። ሁለት መስመር ቦታ መቀያየር ብቻ ነው።

ሽቦውን በመንቀጥቀጡ ነጻ ብለቀውም አመስግኜው አልነበረም። አይቱሲ የተሠራው በአንድ ሰሌዳ ላይ ያሉ ቺፖች እንዲነጋገሩበት ነው፤ በመስመሩ ላይ የሚጠራቀመው ካፓሲታንስ፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክ ይዞ የማቆየት አቅሙ፣ ከ400 ፒኮፋራድ እንዳይበልጥ ደንቡ ያዝዛል። ሦስት ሜትር ሽቦ ወደዚያ ልክ ይጠጋል፤ አንድ ቀን ጨዋታው መሃል ላይ ይደርቅባችኋል። የመስመሩን ፍጥነት ወደ 100 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርገው። ከዚያም ተነሥተህ ቁም፤ ሁለታችሁም አንድ ሜትር ተኩል ይኑራችሁ።

አሁን ስለራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ጨዋታ ያለ ሽቦ ሠርቼ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ ያንተ ቶሎ ይሰማል» አለኝ። ልምምድ አንሶህ ነው አልሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሲደጋግም ስልኬን አወጣሁና በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሣው የዝግታ ቀረጻ፣ እጀታውንና ሰሌዳውን በአንድ ላይ ቀረጽሁ። እጀታው ጠረጴዛውን ከለቀቀበት ምስል ጀምሮ መምቻው እስኪነቃነቅ ድረስ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። አንዱ ምስል አራት ሚሊሰከንድ ከጥቂት ነው። በእኔ እጀታ ሁልጊዜ 8 ወይም 9 ምስል። በእሱ እጀታ አንዴ 11፣ አንዴ 30፣ አንዴ 19። ለካ የእሱን እጀታ ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ እንዲልክ አድርጌው ረስቼዋለሁ፤ የእኔ 50 ጊዜ ይልካል። ከመዘግየቱ ይልቅ መለዋወጡ ነው የከፋው። እጅ ቋሚ መዘግየትን ይለምዳል፤ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ የሚመጣን ነገር ግን ሊለምደው አይችልም። ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በሚቀጥለው ቀን 11 ለ4 አሸነፈኝ።

ስልካችሁ እንዲህ ያለ ቀረጻ ካለው እናንተም ቁጠሩ። በሁለቱ እጀታዎች መካከል ከአምስት ምስል የበለጠ ልዩነት ካለ ገና አልጨረሳችሁም።

ጥያቄ፦ የኳስ መመለስ ጨዋታዬ ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለት ደቂቃ ከተጫወትነው ይሰለቻል። ኳሱ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይመላለሳል። ሰሌዳው 16 በ16 ብቻ ስለሆነ ይሆን?
*አንድ አንባቢ*

መልስ፦ ሰሌዳውን አይክሰሱት። ዊልያም ሂጊንቦትም በ1958 እ.ኤ.አ. በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሁለት ሰው ቴኒስ የሠራው በአንዲት ትንሽ የኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ ማሳያ መሣሪያ) መስኮት ላይ ነበር፤ ለመጫወት የመጣው ጎብኚ ግን ተሰልፎ ተራ ይጠብቅ ነበር። የእርስዎ ኳስ የሚያሰለቸው መምቻውን የትም ቢነካው በአንድ ማዕዘን ስለሚነጥር ነው።

አላን አልኮርን በ1972 እ.ኤ.አ. አታሪ ለተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ፖንግ የተባለውን የኳስ መመለስ ጨዋታ ሲሠራ መምቻውን ስምንት ቦታ ከፈለው፤ ኳሱ በመሃል ሲመታ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ጫፍ ሲመታ ይበልጥ አጋድሎ ይነጥራል። ኳሱ በተመላለሰ ቁጥርም ፍጥነት እንዲጨምር አደረገ። እርስዎ ባለ አራት ፒክሰል መምቻ ካለዎት አራት ማዕዘን ይበቃዎታል፦ ለውስጦቹ ሁለቱ ኳሱ በአንድ ዓምድ ሩብ ረድፍ ይውጣ ወይም ይውረድ፤ ለጫፎቹ ሦስት አራተኛ ረድፍ። ለዚህም የኳሱን ቦታ በሙሉ ቁጥር ሳይሆን በክፍልፋይ ይያዙት፤ ወደ ቅርቡ ረድፍ የሚጠጋጋው ሲሳል ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው አጠጋግቶ የሳለውን መልሶ በማስቀመጡ ነው። እንዲህ ያለ ኳስ ሩብ ረድፏን በየዙሩ ትጥልና ቀጥ ብላ ትቀራለች።

ፍጥነቱን በየምቱ አምስት በመቶ ያህል ይጨምሩ፤ ዓምድ ለመሻገር ከ60 ሚሊሰከንድ ጀምሮ 35 ሲደርስ ያቁሙት። ከዚያ በታች ኳሱ ሰሌዳውን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል፤ ጨዋታው ከሁለት ሰዎች ፉክክር ወደ ዕጣ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ እጀታ መያዝ ሳያስፈልግ እጅን በአየር ላይ ከፍ ዝቅ በማድረግ መምቻውን ለማንቀሳቀስ ሁለት ኤችሲ ኤስአር 04 የአልትራሳውንድ ሴንሰሮች ተጠቀምሁ። አንዱ ብቻውን በሚገባ ይሠራል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ግን መምቻዎቹ ያብዳሉ። ሴንሰር ብቀይርም ለውጥ የለም።
*የተቸገርሁ*

መልስ፦ ሴንሰሮችዎ ደኅና ናቸው፤ ችግሩ እርስ በርስ መደማመጣቸው ነው። እያንዳንዱ በ40 ኪሎኸርዝ ይጮኽና የድምፁን መመለስ ይጠብቃል። ድምፁ የማን እንደሆነ የሚለይበት ስም የለውም። የግራው ጩኸት ግድግዳ መትቶ ሲመለስ የቀኙ ይሰማውና «እጅ አጠገቤ ነው» ይላል።

በተራ ያስጩኋቸው። እጅ በ50 ሳንቲሜትር ላይ ቢሆን ድምፁ በደርሶ መልስ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ «ቶሎ ቶሎ ላፈራርቃቸው» ብለው ይፈተኑ ይሆናል። አያድርጉት። ሩቅ ግድግዳ የነካው ማሚቶ ገና እየተመለሰ ነውና በሁለት ጩኸቶች መካከል 60 ሚሊሰከንድ እንዲቆይ ይመከራል። በዚያ አካሄድ እያንዳንዱ ተጫዋች በ120 ሚሊሰከንድ አንዴ ብቻ ይነበባል። ከላይ የእህትና የወንድሙን ሙግት ካነበቡ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃሉ። ለመዝናኛ ይሆናል፤ ለፉክክር ግን እኔ አልወደውም።

ከድምፅ ወደ ብርሃን ቢሻገሩ ይሻላል። ቪኤል 53 ኤል 0 ኤክስ የተባለው ሴንሰር በማይታይ የሌዘር ብርሃን ርቀት ይለካል፤ አንድ ልኬት 33 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ሁለቱም ወደ ላይ ጎን ለጎን ቢያዩ በተለያየ እጅ ላይ ስለሚያርፉ እምብዛም አይረባበሹም። አንድ ተንኮል ግን አለው። ሁለቱም ከፋብሪካ የሚወጡት በአንድ አድራሻ፣ በሄክሳዴሲማል 29 ነው። «ኤክስሸት» የተባለውን የመዝጊያ እግር ተጠቅመው አንዱን ያስተኙ፤ ለነቃው አዲስ አድራሻ ይስጡት፤ ከዚያ የተኛውን ይቀስቅሱ። ኃይል ሲጠፋ አድራሻውን ስለሚረሳ ይህን ጨዋታው በተነሣ ቁጥር ይድገሙት። መስኮት አጠገብ አያስቀምጡት፤ የፀሐይ ብርሃን ርቀቱን ያሳጥርበታል።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ የሠሩትን የኤልኢዲ ጨዋታ ለወላጆች ልናሳይ ነው። መብራቱ በጣም ዓይን ይወጋል፤ ነጥብ ሲገባም በፍጥነት ይርገበገባል። ለሕፃናት አያስጋም?
*አንዲት መምህርት*

መልስ፦ መርገብገቡ ያሰጋል፤ በመጠየቅዎም ደስ ብሎኛል። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ጥቂቶቹን የሚርገበገብ ብርሃን ሊጥላቸው ይችላል፤ ከዚያ በፊት በሽታው እንዳለባቸው የማያውቁ ልጆችም አሉ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚበራና የሚጠፋ ነገር አይኑር። ተማሪዎቹ ነጥብ ሲገባ ሰሌዳውን ከማርገብገብ ይልቅ ብርሃኑን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቀስ አድርገው ያድምቁትና ያክስሙት፤ ይህ ደግሞ ያምራል።

ለዓይን መውጋቱ ከሰሌዳው ፊት አንድ ነጭ ወረቀት ይዘርጉ። ፒክሰሎቹ ላይ አያስተኙት፤ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ይራቅ። ወረቀቱ ተጠግቶ ሲነካቸው ብርሃኑ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ቀስ ብለው ሲያርቁት ነጥቦቹ ይሰፉና ጎን ለጎን ያሉት ሊነካኩ ይደርሳሉ፤ ኳሷም ክብ ትሆናለች። ወረቀቱን እዚያ ላይ ያስሩት፤ ከዚያ በላይ ካራቁት መምቻውና ኳሷ ይቀላቀላሉ። ብርሃኑን በኮዱ ውስጥ ከ255 ወደ 40 ያውርዱት። አዳራሹ ጨለም ያለ ከሆነ 20ም ይበቃል።